ከደጅ የቆምሽው መቼ ነው?

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለምሥጢረኛዬ፣ ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ ሣህሊቱ፤ ጭልጋ።

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ክረምቱ አልጠናበትም? እማማ ዓይኗ በረታ ወይስ አሁንም ሰውን በድምፁ ነው የምትለየው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሰማዩ ከእናንተ ጋር ታረቀ ወይ፣ ዘንድሮ እሸት ቀመሳችሁ? ከእናንተ ዘንድ ጓንግ ተብሎ የሚወርደው ወንዝ እዚህ አትባራ ይባላል። ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ በግድብ ታግዶ ተኝቶ ባየሁት ጊዜ እጄን ነክሬ «ይኼ ውኃ የእኅቴን አገር አይቶ የመጣ ነው» ብዬ አለቀስሁ። ውኃው ወደ እኔ ይወርዳል፤ የእኔ ሰላምታ ግን ዳገቱን ሽቅብ ወጥቶ ይድረስሽ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚጎድለኝ የለም ብል እዋሻለሁ፤ ቢሆንም ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አንዳርጋቸውም ደህና ነው። ሰሊጥ ሲያጭድ መዳፉ ተላልጦ ነበር፣ አሁን ድኖለታል።

ከዚህ በታች ያለውን ለብቻሽ አንብቢው። እማማ «ምን አለች?» ካለችሽ ሰላምታውን ብቻ አሰሚያት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ «በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ምን ሊሠራልኝ» እያልሽ ታጉረመርሚ አልነበር? ይኸው የሁለታችንን ጉድ ያለ አንባቢ የምናወራው በዚያው ፊደል ሆነ። ባለፈው ደብዳቤሽ ጫፍ ላይ ጉንዳን በሚያካክል ጽሕፈት የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ከማይነገረው ቦታ፣ እጅ ላይ እንደሚወጣው ያለ ኪንታሮት እንደወጣብሽና በቁልቋል ወተት እያቃጠልሽ እንደከረምሽ ነግረሽኛል። እትዬ፣ ተይው! ቁልቋሉን ዛሬውኑ ተይው። እኔንም ይዞኝ የነበረው እሱው ነው። ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት እንዴት እንደዳንሁና ልድን ስል ምን ልሠራ እንደነበር ልነግርሽ ብዬ ነው።

እኔን የጀመረኝ አገር ለቀን እዚህ ከገባን በኋላ ነው። መጀመሪያ የዳጉሳ ፍሬ የምታህል ነበረች፤ ዝም ብላት ዘመድ አዝማዷን ጠርታ ሰፈረችብኝ። ለአንዳርጋቸው ስነግረው ፊቱ ጠቆረ። «ከየት አመጣሽው?» አለኝ። እኔም ምላሴ አላረፈ፣ «አገራችን ሳለን ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰሊጥ አጨዳ እያልህ እዚህ ገዳሪፍ ስትከርም የኖርኸው አንተ፣ የምጠየቀው እኔ?» አልሁት። ከዚያ ወዲያ በአንድ ራኩባ ውስጥ (ራኩባ የምንለው ይህ የምናድርበት የሣር ዳስ ነው) ጀርባና ጀርባ ሆነን ሰነበትን። በረሃብ ተሰደን፣ ያንን ሁሉ መንገድ ተደጋግፈን መጥተን፣ በኪንታሮት ልንፋታ ነበር።

ከእህል ገበያው ጀርባ የዕርዳታ ሰዎች ያቆሙት ክሊኒክ አለ። እዚያ ሂያም የምትባል ሱዳናዊት ሐኪም ትሠራለች። ሴት ሐኪም እዚህ ደክቶራ ነው የምትባለው፤ እኛም ደክቶራ ሂያም እንላታለን። አጭር ናት፣ ስትሄድ ትሮጣለች፣ የለበሰችው ነጭ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች ገላቸውን የሚጠቀልሉበት ነጠላ፣ ሁልጊዜ ከኋላዋ ይጎተታል። የምታውቀው አማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እሱንም ሰው ሲመጣም ሲሄድም ሲያነጥስም ትለዋለች። የምታስተረጉመው በሳፊያ ነው። ሳፊያ የመተማ ልጅ ናት፣ ሙስሊም ናት፣ እዚህ ከገባች አሥር ዓመት ሆኗታል። ደግ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን በሹክሹክታም ቢሆን ሦስት ቤት ያሰማል።

እኔንና አንዳርጋቸውን ደክቶራ አንድ ላይ አስቀመጠችን። እሱ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። በሽታው ቫይረስ ከሚሉት፣ በዓይን ከማይታይ ነገር እንደሚመጣና ከገላ ወደ ገላ እንደሚተላለፍ ነገረችን። ከገባ በኋላም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ተደብቆ ይቆያል አለች። «ስለዚህ ማን ለማን እንዳመጣው እኔም አላውቅም፣ ዳኛም አያውቅም» አለችን። ሳፊያ ተርጉማ ስትጨርስ ከራሷ ጨምራ «እንግዲህ ጠባችሁን ለሌላ ነገር አስቀምጡት» አለች። አንዳርጋቸው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት መተያየት ቻልን። እሱንም መርምራ ሁለት ትንንሽ አገኘችበትና አከመችው፤ አሁን ስለዚህ ነገር ብታነሺበት ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣልሽ። ግንቦት ላይ ደክቶራ ይህ በሽታ ያለብንን ሴቶች ሰብስባ ሙከራ ልትጀምር መሆኑን ነገረችን። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከተክል ሥር የሚወጣ ቡኒ ፈሳሽ ነው፣ ፖዶፊሊን ይሉታል። ሌላው ውኃ የመሰለ አሲድ ነው፣ የነካውን ቦታ ነጭ ያደርገዋል። እኛ ቡኒውና ነጩ ብለን ጠራናቸው። «ሁለቱንም ሐኪሞች ከድሮ ጀምረው ይሠሩባቸዋል። እናንተን የበለጠ የሚያድናችሁ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ስለማላውቅም ነው እርዱኝ የምላችሁ» አለችን። እትዬ፣ የተማረ ሰው፣ ያውም ሐኪም፣ በሕዝብ ፊት አላውቅም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኛ አገር እኮ መድኃኒተኛው ሳይጠየቅ ያውቃል። መጀመሪያ ናቅኋት፤ «ካላወቀች ምን ልትሠራ መጣች?» አልሁ በሆዴ። እያደር ነው የገባኝ። ከዚህ ሁሉ አዋቂ ነኝ ባይ መሀል የማታውቀውን ለይታ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ማን የትኛውን እንደሚወስድ በዕጣ ነው። ታሽጎ የተደረደረ ፖስታ አለ፤ ተራሽ ሲደርስ ፖስታው በፊትሽ ይከፈታል፣ ቡኒ ወይም ነጭ ይልሻል። ደክቶራም ራሷ ምን እንዳለበት አታውቅም። ይህስ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ መሬት በዕጣ ስንደለደል ኖረናል። የከበደን ሌላው ነው። «የማትፈልግ እምቢ ማለት ትችላለች፣ እምቢ ያለችውም እኩል ትታከማለች» አለች። እኛ መች እናምናለን! እምቢ ካልን የዱራው፣ የማሽላው፣ ራሽን ይቀርብናል ብለን ሁላችንም አውራ ጣታችንን አዘጋጅተን ቆምን። አንዲት የአርማጭሆ ሴት ግን «እኔ በገላዬ ዕጣ አልጥልም» ብላ ወጣች። ደክቶራ ከኋላዋ ሮጣ ይዛ መለሰቻትና እዚያው፣ ያለ ዕጣ፣ ያለ ፊርማ አከመቻት። ሴትዮዋ በማግሥቱ ራሽኗን ተሸክማ በፊታችን አለፈች። ያኔ አመንን።

ሳፊያ ወረቀቱን አነበበችልን። እርጉዝ የሆነች ወደ ሙከራው አትገባም ይላል። ከዚያ ሁላችንም በተሰለፍንበት በዚያ ድምፅዋ «እርጉዝ የሆነች አለች?» ብላ ጮኸች። ማን መልሶ! ከጠረጴዛው ስደርስ ደግሞ ለብቻዬ ጠየቀችኝ። «ኧረ የምን እርግዝና፣ በዚህ ረሃብ» አልሁ።

እትዬ፣ እርጉዝ ነበርሁ። ሁለት ወር አልፎኝ ነበር።

ያ ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሁለቱን ሳላቅፋቸው አጣኋቸው። ሁለተኛው ሲወርድ ራሴን ይዘሽ «ሦስተኛ ከጸነስሽ፣ ሆድሽ ውስጥ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ለጥላሽም እንዳትነግሪ። ዓይን ነው የጨረሰብሽ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። አልወቅስሽም፤ ወድደሽኝ ነው፣ እማማም ያለችኝ ያንኑ ነው። እኔም ምክርሽን ጠበቅሁ። አንዳርጋቸው እንኳ አያውቅም ነበር። በሃያ ሴት መሀል «አዎ» ማለት ልጄን አውጥቼ ለዓይን መስጠት ነበር የመሰለኝ። ቁጥሬ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ፖስታው ተከፈተ፤ ቡኒ ደረሰኝ፣ ተቀባሁ። አራት ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል ተብዬ ነበር፤ እኔ ግን አቃጠለኝና አንድ ሰዓት ሳይሞላው ታጠብሁ።

በሳምንቱ ሐሙስ እንደገና ሄድሁ። ከፊቴ ሆዷ የገፋ ሴት ነበረች፣ ሳፊያ ከሰልፉ አወጣቻት። ሴትዮዋ «በምን ጥፋቴ?» ብላ ተከራከረች። ሳፊያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች፤ ያው ሹክሹክታዋን ነግሬሻለሁ። «ቡኒው መድኃኒት የሆድ ልጅ ይጎዳል፣ ይገድላልም» አለቻት። ሰማሁ። ወጥቼ ከውኃው በርሜል ጀርባ ተቀመጥሁ። ቤቴ ሄጄ ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? ተመልሼ ከገባሁ ግን ራሴ መናገሬ ነው። ዓይኑንም ፈራሁ፣ መድኃኒቱንም ፈራሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እኔ ደግሞ የደበቅሁት በሽታ ሳይሆን ልጅ ነበር። ተነሥቼ ሰልፉን ሁሉ አልፌ ገባሁና ሳፊያን «ንገሪያት፣ እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ» አልኋት።

ሳፊያ አፏን በእጇ ያዘች። ደክቶራ ከፊቷ አንብባ ነገሩ ገባት። ረመዳን ነበር፣ ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውኃ አልቀመሰችም፣ ሙቀቱ እንደ እሳት ነው። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። ወጥታ ግቢውን በዚያ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ዞረችና ተመለሰች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ ስንት ጊዜ እንደተቀባሁ፣ ምን ያህል ቦታ እንደሆነ፣ መቼ እንደታጠብሁ ጠየቀችኝ። ቶሎ መታጠቤን ስትሰማ ትንፋሿ መለስ አለ። «ልጄ ይሞታል?» አልኋት። «አላውቅም» አለች። «የተቀባሽው አንድ ጊዜ ነው፣ ጥቂት ነው፣ ተስፋዬም ብዙ ነው። ምንም አይሆንም ብዬ ግን አልዋሽሽም። እስክትወልጂ በየሁለት ሳምንቱ አይሻለሁ።» እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ጊዜ ብትዋሸኝ እመርጥ ነበር። ዛሬ ግን የማከብራት በዚያች ቃል ነው።

ሳፊያ ማልቀስ ጀመረች። ወረቀቱ ላይ መድኃኒቱ ጽንስ እንደሚጎዳ ተጽፎ ነበር፤ እሷ ስታነብልን ዘልላዋለች። «በሴቶች ፊት የሆድ ልጅ ሞት እንዴት ላንብብ? ሟርት ነው» አለች። አየሽ እትዬ፣ እኔ ልጄን ላድን ብዬ ዝም አልሁ፣ እሷም ልጆቻችንን ልታድን ብላ ዝም አለች፤ የሁለታችን ደግነት ተባብሮ ልጄን ሊያስጨርሰኝ ነበር። ደክቶራ ሳፊያን ትሰድባለች ብዬ ስጠብቅ «ማዓሌሽ» አለቻት፤ አይዞሽ፣ ይቅር በይ እንደማለት ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሃያ ጆሮ መሀል የማይጠየቅ ነገር አስጠየቅሁ» አለች። መዝገቡን ዘግታ፣ ሁሉም ሴት እንደገና ሳይጠየቅ ማንም እንዳይቀባ አዘዘች። የሽንት ምርመራ እንዳታደርግ የሚመረመርበት ነገር ከካርቱም አልመጣም። እንዴት አድርጋ እንደምትጠይቅ ግን አታውቅም ነበር።

ያኔ አፌን ከፈትሁ። «ደክቶራ፣ እርጉዝ ነሽ ወይ አትበይን። እንዲያ ስትዪን የምንመልሰው ለአንቺ አይደለም፣ ለዓይን ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ የወር ልማዳችን ሲመጣ ቤተ ክርስቲያን አንገባም፣ ከደጅ ቆመን እንሳለማለን። ስለዚህ ሴቲቱን ለብቻዋ አስገቢና በመጨረሻ ከደጅ የቆምሽው መቼ ነው በያት። ይህን አንዋሽም፤ ብንናገረውም የሚያስፈራ የለውም» አልሁ። ሳፊያ እንባዋን እየጠረገች «ለኛዎቹ ደግሞ ሶላት ያቋረጥሽው መቼ ነው ይባላል። ጾም ላይ አይደለን? ስንት ቀን እንደገደፈች እያንዳንዷ ቆጥራ ታውቀዋለች» አለች። ደክቶራ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችን። እስክሪብቶ አንሥታ ሁለቱንም ጥያቄ ቃል በቃል መዝገቡ ላይ ጻፈቻቸው። ስድስት ዓመት ሕክምና የተማረች ሴት ከመሠረተ ትምህርት ያላለፍሁትን የእኔን ቃል ቁጭ ብላ ስትጽፍ አየሁ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀና ብዬ የሄድሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ጥያቄው ሦስት ሌሎች አወጣ። ሦስቱም እንደ እኔው «የለም» ብለው የገቡ ናቸው። ከሦስቱ ቡኒ የደረሳት ቱርካ የምትባል የቋራ ሴት ነበረች። ቱርካ ሐምሌ ላይ አስወረዳት። ወባም ይዟት ነበር፣ ሰውነቷም ከስቶ ነበር። ደክቶራ ቤቷ ድረስ ሄዳ ከመደቧ ጫፍ ተቀመጠችና በመድኃኒቱ ይሁን፣ በወባው ይሁን፣ በረሃቡ ይሁን እንደማታውቅ ነገረቻት። መድኃኒቱ ሊሆን እንደሚችልም አልደበቀችም፤ ይቅርታ ጠየቀቻት። ቱርካ ለአንድ ወር አላናገረቻትም። እኔም ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ፤ ሆዴን እየዳበስሁ አለህ ወይ እያልሁ ስጠይቅ ነበር የሚነጋልኝ።

ለአንዳርጋቸው የነገርሁት በዚያው ሰሞን ነው። ለምን ደበቅሽኝ ብሎ ይቆጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ባልዲውን አንሥቶ ውኃ ሊቀዳ ወጣ። ወንዶቹ «አንዳርጌ ዛሬ ሴት ሆነ» እያሉ ሳቁበት። እሱም «ነገ ደግሞ እወልዳለሁ» አላቸው። እስከ ዛሬ ውኃ የሚቀዳው እሱ ነው።

እኔን ደክቶራ ከሙከራው አውጥታ በነጩ አከመችኝ፤ ነጩ ለእርጉዝ አይከለከልም። ሲነካ ይለበልባል፣ ቶሎ ያልፋል። እርግዝና ኪንታሮቱን ያባብሰዋል ያለችኝም እውነት ነበር፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ብቅ ይላል። ጥቅምት ላይ ጠፋ፣ ኅዳር ላይ አንዲት ተመለሰች፣ እሷንም አቃጠለቻት። መዝገቡ ላይ ስሜን እንዳየው ጠይቄያት አሳየችኝ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አልፋበታለች፤ ግን አልፋቀችውም፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይነበባል። ለምን እንደወጣሁም በጎኑ ተጽፏል። «ስሕተት ሲፋቅ ሌላ ሐኪም ይደግመዋል» አለችኝ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የሙከራውን ውጤት ልትነግረን ጠራችን። ይህንንም ከጅምሩ ቃል ገብታ ነበር፤ እኛ ተስፋ አድርገን የጠበቅነው የለም። ምንጣፍ ላይ ሁለት ሳህን አስቀምጣ ለእያንዳንዷ ሴት አንድ የባቄላ ፍሬ ቆጠረች። ቡኒ ከወሰዱት ሠላሳ ሴቶች ሃያ አንዱ ድነዋል። ነጭ ከወሰዱት ሠላሳ ሃያ ሁለቱ። አራት ፍሬ ለብቻ አስቀመጠችና «እነዚህ ከቁጥር የወጡት ናቸው፣ የወጡትም እኔ ደኅና አድርጌ ባለመጠየቄ ነው» አለች። ከመካከላችን የሚያዋልዱን እማሆይ ወለተ ማርያም አሉ፤ አፋቸው አይታሰርም። «ስድስት ወር ለፍተሽ፣ እኛንም አልፍተሽ፣ እኩል ናቸው ልትዪን ነው?» አሏት። ደክቶራ እስኪደክማት ሳቀች። «አዎ እማሆይ፣ ያ ነው ትርፋችን። እኩል ከሆኑ ለእርጉዟ ነጩን ስሰጣት ያነሰ ሰጠኋት ብዬ አልሰጋም» አለች። ይህ የስድሳ ሴት ቁጥር እንጂ የዓለም ቁጥር እንዳልሆነም ደጋግማ ተናገረች። ቱርካ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ሲያበቃ ተነሥታ ከአራቱ ፍሬ አንዱን አነሣችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ሄደች።

ክትባት እንደ ፈንጣጣው ይኖረው እንደሆነ ጠየቅኋት። ገና የለም፣ ሩቅ አገር የሚመራመሩ አሉ አለችኝ። ከዚሁ ቫይረስ ዘመዶች አንዳንዶቹ የማኅፀን በር ካንሰር ያመጣሉ ብለው የሚጠረጥሩ ሐኪሞች እንዳሉም ነገረችኝ። ስለዚህ እትዬ፣ አደራ፤ ጎንደር ሆስፒታል ሂጂ፣ ሴት ነርስ ጠይቂ፣ ማኅፀንሽንም ይዩልሽ። ባልሽንም ጎትተሽ ውሰጂው፤ ማን አመጣው እንዳትባባሉ፣ አይታወቅም። የሚጠይቁሽን ሁሉ እውነቱን መልሺ። ከደጅ የቆምሽበትን ቀንም ቆጥረሽ ሂጂ።

እስከዚህ ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ጽፌ ደብዳቤውን የሚያደርሰውን የነጋዴውን የላቀውን መነሣት ስጠብቅ፣ ምጥ ያዘኝና ወረቀቱ ከትራሴ ሥር ቀረ። አሁን የምጽፍልሽ በጎኔ ተኝቼ ነው፤ ፊደሉ ከጠመመ ታገሺኝ።

በዕለተ ሚካኤል ጠዋት ወለድሁ። እማሆይ ወለተ ማርያም አዋለዱኝ፣ ደክቶራም ከፊቴ ቆማ ነበር። ስትወጣ አላለቀሰችም። እትዬ፣ ያቺን ጊዜ በምን ልንገርሽ? በልቤ «አንድ ጊዜ ነው የተቀባሁት፣ ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» እላለሁ። ከዚያ እማሆይ ጀርባዋን ቸብ ቸብ ሲያደርጓት ጮኸች። እንዴት ያለ ጩኸት መሰለሽ! ሳፊያ ከውጭ እልል አለች፤ ድምፅዋ እስከ እህል ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። ደክቶራ ልጂቱን ወደ ብርሃን ወስዳ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት፣ ጉሮሮዋን አየች፣ ልቧን አዳመጠች። ጣቶቿን ስትቆጥር በዐረብኛ ነበር፣ እኔም አብሬ ቆጠርሁ፤ ዐሥር፣ ዐሥር። ከዚያ አቀፈችኝና «ጤና ይስጥልኝ» አለችኝ። የምታውቀው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው፤ ለእኔ ግን ያን ያህል የሚበቃ ሰላምታ ተሰምቶኝ አያውቅም። ልጂቱን አንዳርጋቸው ሉሉ አላት፤ በዚህ አገር ቋንቋ ዕንቁ ነው ይላሉ። ክርስትናዋን በሰማንያ ቀኗ እናነሣለን። ቱርካም መጣች። ልጄን ታቅፋ ብዙ ቆየች፤ እኔም አልፈራሁም።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ይህን የመጨረሻውን ብታነቢላት አልከለክልሽም። ለወንድማችን ለአየነው፣ ተሰዳችሁ ከብታችሁን በተናችሁ ብሎ እንደማይቆጣን ተስፋ አለኝ፤ በጣም ናፍቆኛል በይው። ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ልጆችሽን አንድ በአንድ ግንባራቸውን ሳሚልኝ፣ ትንሿን ሁለት ጊዜ። ለንስሐ አባታችን ልጅ መውለዴን ነግረሽ በጸሎታቸው እንዲያስቡን ለምኚልኝ። ከዚህም አንዳርጋቸው እጅ ነሥቷል፣ ሳፊያና እማሆይም ሳያዩሽ ሰላም ብለውሻል።

ከአጥር ማዶ ላሉት ለወይዘሮ ደብሪቱም ሰላምታዬን አድርሺ። ሁለቱን ልጆቼን በዓይናቸው በሉብኝ እያልን ስናማቸው፣ ሲያልፉ ሆዴን ስሸፍን፣ እሳት ሊጫሩ ሲመጡ በር ስንዘጋባቸው ኖረናል። እነዚያ ልጆች በምን እንደሞቱብኝ እኔ አላውቅም። አላውቅም ማለትን ተምሬያለሁና፣ ሳላውቅ የፈረድሁባቸውን ይቅር ይበሉኝ። ቤታቸው ግቢ፣ ከመደባቸው ተቀመጪና በላይነሽ ወለደች በያቸው። መጀመሪያ የምትነግሪው ለእርሳቸው ይሁን።

እኅትሽ በላይነሽ
ገዳሪፍ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 1978 ዓ.ም.